በእነ ጋሽ ሰይድ ቤት ያልተናገርኩት ጾም

ነገሩ የጀመረው ረቡዕ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። ደብረ ብርሃን፣ ቤታችን ጓሮ ቆሜ የደረቀ ብርድ ልብስ ከገመድ ላይ ስሰበስብ ስልኬ ጠራ። የደወለችው ሴት የራሷን ስም ሳትናገር የእኔን አረጋገጠችና ሐይቅ ከተማ በዓሣ ሀብት ባለሙያነት የተወዳደርኩበት መደብ ላይ ማለፌን ነገረችኝ። «እስከ ሰኞ ጠዋት ቀርበሽ ካልፈረምሽ ለተጠባባቂዋ ይሰጣል» አለች። «እሺ» አልኳት። ሌላ ምንም አልጠየቅኋትም። የምጠይቀው ሁሉ የመጣልኝ ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ነው።

ይህን የምጽፈው ተመልሼ ልብሴን እየሸከፍኩ ነው፤ ሐይቅን አይተው ለማያውቁና ምናልባትም ለማያዩ ለአገሬ ልጆች። እኛ ከተማ ዓሣ ማለት ሱቅ መደርደሪያ ላይ ያለች የሰርዲን ጣሳ ናት። አራት ዓመት ዓሣ ተምሬ ስመረቅ ዘመዶቼ «ገብስ ብትማሪ ምን ነበረበት?» ብለው ስቀውብኛል። ከዚያም ሁለት ዓመት ሥራ ፈትቼ ቤት ስቀመጥ መሳቁን ተዉት።

እናቴ «እዚያ ማንን ታውቂያለሽ?» አለች። አባቴ ደግሞ «ሄደሽ እዪው። ካልሆነሽ ሳትፈርሚ ትመለሻለሽ» አለኝ። እኔን ያስፈራኝ ግን አገሩ አልነበረም። ሥራው ንግግር ነው። ባለሙያ ማለት አባቱ ሊሆን የሚችል ዓሣ አጥማጅ ፊት ቆሞ «ይህን መረብ አይጣሉ፣ እዚህ ቦታ አያጥምዱ» የሚል ሰው ነው። እኔ ደግሞ ጎረቤት ድግስ ላይ ጨው የበዛበት ወጥ ቀርቦልኝ፣ «በቃኝ» ማለት አቅቶኝ ሁለቴ ያስጨመርኩ ሰው ነኝ።

ሐይቅ የማውቀው ሰው ቢኖር የሰዓዳ ቤተሰብ ነው። ሰዓዳ ዩኒቨርሲቲ ሦስት ዓመት አንድ ክፍል ያደርን ጓደኛዬ ናት። አሁን ኮምቦልቻ ትሠራለች። ስደውልላት ሆቴል ልይዝ መሆኔን እንኳ አላስጨረሰችኝም። «እናቴ ብትሰማ አንቺንም እኔንም አትምረንም» ብላ ዘጋችው።

ሐሙስ

ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ መናኸሪያ ደረስኩ። ሹራብ፣ በላዩ ጃኬት፣ በላዩ ነጠላ ደርቤያለሁ። ጣርማበር ጭጋጉ አውቶቡሱን ዋጠው፤ ሹፌሩ ከፊት ያለውን መኪና መብራት ብቻ እያየ ነበር የሚነዳው። ዋሻውን አልፈን ወደ ደብረ ሲና ቁልቁል ስንወርድ ሙቀቱ ከእግር ጀመረ። ሸዋ ሮቢት ላይ ጃኬቱን፣ ከሚሴ ላይ ሹራቡን አወለቅኩ። አጠገቤ የተቀመጡ ሴትዮ «ደሴ ስትደርሺ መልሰሽ ትለብሽዋለሽ» አሉኝ። እውነታቸውን ነበር።

ምሳ የበላነው ከሚሴ ነው። አስተናጋጁ ገና ከመቀመጤ «ሥጋው የማን ይሁን?» አለኝ። አልገባኝም። «የእስላም ነው የክርስቲያን? ሁለቱም አለ» አለ፣ ልክ ትኩስ ነው ቀዝቃዛ እንደሚል ሰው። ደብረ ብርሃን ይህን ማንም ማንንም አይጠይቅም፤ ቢጠይቅም ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው። «ሽሮ» አልኩት።

ከደሴ ወደ ወልድያ የሚሄድ ሚኒባስ ያዝኩ፤ ሐይቅ መንገዱ ላይ ናት። የመጨረሻው ወንበር ጥግ፣ ከሁለት ኩንታል ሽንኩርት ጋር ተቀመጥኩ። ከተማዋ ስትመጣ አወቅኋት፤ ባጃጆቹን አየሁ፣ ሐይቅ የሚል ጽሑፍም አነበብኩ። የሚጠበቅብኝ «ወራጅ አለ» ማለት ብቻ ነበር። ሁለት ጊዜ አፌን ከፈትኩ፤ ረዳቱ ግን ከአንዲት ሴት ጋር ይከራከር ነበርና ክርክራቸውን እስኪጨርሱ ጠበቅኩ። ሲጨርሱ ከተማዋ አልቃ ነበር።

ጃንጥላ የያዙ ሽማግሌ ዞረው አዩኝ። «አንቺ ልጅ፣ የት ነው ወራጅ?»

«ሐይቅ።»

«ሐይቅማ ከኋላችን ናት።»

ረዳቱ አንገቱን አስግጎ «እህቴ፣ ትኬት ስትቆርጪ አፍ ነበረሽ እኮ» አለ። ሚኒባሱ በሙሉ ሳቀ፤ ሹፌሩም እየሳቀ ቆመ። ሽማግሌው አብረውኝ ወረዱና ከፊት የመጣ ባጃጅ አስቆሙልኝ። ወደ ሰዓዳ አባት ቤት እንደምሄድ ሲሰሙ ለባለ ባጃጁ «ሰይድ ዓሣው ቤት አድርስልኝ፣ ልጃቸው ናት» አሉት። ከዚያ ጃንጥላቸውን ዘርግተው የቀረውን መንገድ በእግራቸው ተያያዙት። በእኔ ምክንያት መውረዳቸው የገባኝ ባጃጁ ከሄደ በኋላ ነው። እንኳን ስማቸውን መጠየቅ፣ «እግዜር ይስጥልኝ» ማለትንም አላስታወስኩም።

የሰዓዳ እናት እትዬ ዘሐራ አስፋልቱ ዳር ቆመው ይጠብቁኝ ነበር። ወፈር ያሉ፣ ሲስቁ ዐይናቸው የሚጠፋ ሴት ናቸው። «ወላሂ በፊቴ አለፍሽ» አሉኝ አቅፈው። «በመስኮት አየሁሽ። እጄን ባወዛውዝ አንቺም አወዛወዝሽልኝ።» ማወዛወዜን አላስታውስም፤ ግን አደርገዋለሁ።

ገብቼ እጄን እንደታጠብኩ እትዬ ዘሐራ ፊት ለፊቴ ተቀምጠው «በይ ንገሪኝ፣ የምትበዪው ምንድን ነው? የማትበዪውስ?» አሉኝ።

«ሁሉንም እበላለሁ» አልኩ። ለእንግዳ ጨዋነት ያ መስሎኝ ነበር።

ራቱ ዶሮ ወጥ ነበር። ክዳን ባለው ድስት ከጎረቤት የመጣ ነው፤ ጎረቤታቸው ክርስቲያን ናት። ዶሮዋን እትዬ ዘሐራ ገዝተው ሰጥተዋት፣ በእሷ ቤት ታርዳ በእሷ ድስት ተሠርታ መጣች። እሳቸውና ባለቤታቸው ጋሽ ሰይድ የራሳቸውን ምስር እየበሉ ለእኔ ይቆርሱልኛል። «ጀባ» ይላሉ ሲያጎርሱኝ። ደብረ ብርሃን «በሞቴ» የምንለውን ነው። ጋሽ ሰይድ ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ እጃቸው በመረብ ክር የተሰነጣጠቀ ሰው ናቸው። ለመጀመሪያ ጊዜ ከእኔ የባሰ ዝምተኛ አገኘሁ ብዬ ደስ አለኝ።

ዓርብ

ሐይቁን ከቤታቸው በላይ ካለው ጉብታ ላይ ሆኜ አየሁት። በተራሮች መካከል የተቀመጠ ትልቅ ውሃ ነው። ዳር ዳሩን ደንገል ከቦታል፤ አንድ ጥግ ላይ ጥላው ጥቁር፣ ሌላው ጥግ ላይ ብርማ ነው። እኛ አገር ሜዳው ሰፊ ነውና ዐይን የሚያርፍበት አያጣም፤ እንዲህ ጠዋት ጠዋት ቀለሙን የሚቀያይር ነገር ግን የለንም።

ዳርቻው የሥራ ቦታ ነው። ቀዛፊው ዓሣውን ሲያራግፍ ሴቶቹ ቢላዋቸውን ስለው ይጠብቃሉ። ቅርፊቱን የምታራግፈው ሌላ፣ አጥንት የሌለውን ሥጋ፣ ፊሌቶውን የምታወጣው ሌላ ናት። አንዷ ሴት እያወራችኝ፣ እጇን ሳታይ ከአንድ ዓሣ ሁለቱንም ጎን አውጥታ አጥንቱን ለውሻ ወረወረች። እኔ ቤተ ሙከራ ውስጥ ለዚህ ግማሽ ሰዓት ይፈጅብኝ እንደነበር ሳልነግራት ቀረሁ። መረብ የሚጠግኑ ወንዶች ዛፍ ሥር ክሩን በእግራቸው ጣት ወጥረው ተቀምጠዋል። ባጃጆች ፌስታል ሙሉ ዓሣ ይዘው ወደ ሆቴሎቹና ወደ ደሴ መኪናዎች ይሮጣሉ። ከፍ ብሎ ደግሞ ማንጎና ጫት የሚያጠጡ ገበሬዎች አሉ። ዓሣ ያልያዘ ሰው ውሃ ይዟል።

ወደ እስጢፋኖስ ገዳም በእግሬ ሄድኩ። ሴት ስለማትገባ በሩ ላይ ቆምኩ። በሩ አጠገብ የተቀመጡ አንድ አባት ከየት እንደመጣሁ ጠየቁኝና «ደብረ ብርሃን ብርዱ እንዴት ነው?» አሉ። በወጣትነታቸው ቅኔ ለመማር በዚያ ሲያልፉ ጣታቸው ደርቆ እንደነበር አጫወቱኝ። ተሳልሜ ተመለስኩ።

ቤት ስደርስ ስምንት ሰዓት አልፏል። እትዬ ዘሐራ በረንዳው ላይ ሰሃን ይዘው ወጡ። ሁለት ቆሮሶ የሚባሉ የሐይቁ ዓሦች፣ ጎን ጎናቸው በቢላ ተነቅሶ፣ ቀይ እስኪሆኑ ተጠብሰው፣ ከአዋዜና ከሎሚ ጋር።

«ዛሬ ዓርብ አይደል፤ ለጾምሽ ብዬ ነው» አሉ። «ቅቤ የነካው ዕቃ እንኳ አላስጠጋሁም። መጥበሻውም አዲስ ነው፤ ዘይቱንም አሁን ነው የከፈትኩት። ሰይድ ጠዋት ትልቅ ትልቁን መርጦ ነው ያስቀረልሽ።»

በጾም ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውን አገር ሁሉ በየበኩሉ ይዞታል። ሐይቅ ከተማ የሚበሉ ክርስቲያኖች ብዙ ናቸው፤ እትዬ ዘሐራም የሚያውቁት እነሱን ነው። እኛ ቤት ግን አይበላም። አባቴ በዚህ ነገር ቀልድ አያውቅም፤ እኔም ዩኒቨርሲቲ አራት ዓመት ዓሣ እየቆራረጥኩ ረቡዕና ዓርብ በአፌ አድርጌው አላውቅም። «እትዬ ዘሐራ፣ እኔ በጾም ዓሣ አልበላም» ለማለት ስድስት ቃል ይበቃል። አዲሱን መጥበሻ አየሁት። በላሁ። ሲጨምሩልኝም በላሁ። ጣፋጭ መሆኑ ደግሞ ነገሩን አባሰው።

ቅዳሜ

ጎህ ሲቀድ ከጋሽ ሰይድ ጋር ጀልባ ላይ ወጣሁ። ሦስተኛችን የጀልባ ባልንጀራቸው ጋሽ ከበደ ነበሩ፤ ረጅም፣ ወሬ የማያልቅባቸው ሰው። ሁለቱ አብረው መረብ መጣል ከጀመሩ ልጆቻቸው አድገዋል። ዓርብ ጋሽ ሰይድ መስጊድ ሲሄዱ ጋሽ ከበደ ይቀዝፋሉ፤ እሑድ ጋሽ ከበደ ሲያስቀድሱ ጋሽ ሰይድ ይቀዝፋሉ። ስለዚህ ያ ጀልባ የዕረፍት ቀን የለውም።

«ይቺ ልጅ ዓሣ ተምራ ነው የመጣችው አሉ?» አሉ ጋሽ ከበደ እየቀዘፉ።

«አዎ» አሉ ጋሽ ሰይድ።

«በፈረንጅ ስሙ ጥሪልን እስቲ፣ ምናልባት ሲሰማ ይመጣል።»

የቆሮሶን ሳይንሳዊ ስም በቀስታ ተናገርኩ። ጋሽ ከበደ ጆሯቸውን ወደ ውሃው አዘነበሉና ትንሽ አዳመጡ። «አልሰማም። ድምፅሽ አነሰ» አሉ። ጋሽ ሰይድ ሳይስቁ ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ።

መረቡ ማታ የተጣለ ነው። ጋሽ ሰይድ ጫፉን ይዘው ወደ ጀልባው ሲስቡት እኔም ያዝኩላቸው። መጀመሪያ ሁለት ደህና ዓሣ ወጣ። ቀጥሎ የመዳፌን ያህል የሚሆኑ ትንንሾች ተከታተሉ፤ ገና አንድ ጊዜ እንኳ ያልወለዱ። አንዲት እናት ዓሣ ደግሞ ጉንጯ አብጦ መጣች። ቆሮሶ እንቁላሏን የምታሳድገው አፏ ውስጥ ነው። ጋሽ ሰይድ ከመረቡ ቀስ ብለው ፈቷት። አፏን በጣታቸው ዘግተው፣ ጭንቅላቷን ወደ ውሃው ዝቅ አድርገው ለቀቋት። «አላህ ያሳድግልሽ» አሏት። ይህን መጽሐፍ ውስጥ አላነበብኩትም፤ ያስተማራቸውም ሰው የለም።

ያን ጊዜ ነው መረቡን ያየሁት። የዓሣ ሀብት መመሪያው የሚፈቅደው የመረብ ዐይን አራት ጣት የሚያስገባ ነው፤ ትንሹ ዓሣ አልፎ እንዲያድግ። ጣቶቼን አስገባሁ። ሁለቱ ገቡ። ሦስተኛው በግድ ገባ። አራተኛው አልገባም። እናቲቱን በጥንቃቄ የሚለቁ ሰው ልጆቿን በዚህ መረብ ከየጥጉ ይለቅማሉ።

«ምን ትለኪያለሽ?» አሉኝ ጋሽ ከበደ።

«ምንም» አልኩ።

ወደ ዳር ስንመለስ ሥራውን ብይዝ መጀመሪያ «ይህ መረብ አይሆንም» የምለው ለማን እንደሆነ አሰብኩ። ካልፈረምኩ ለተጠባባቂዋ ይሰጣል፤ የምትነግራቸው እሷ ትሆናለች። እኔ የሰዓዳ ጓደኛ፣ ዶሮ የተሠራላት እንግዳ ሆኜ እቀራለሁ። ይህ ሐሳብ ቀኑን ሙሉ ጣፈጠኝ። ማታ ለእናቴ ደውዬ «የምመለስ ይመስለኛል» አልኳት። «ምነው፣ ክፉ ሰዎች ናቸው?» አለችኝ። «አይደሉም» አልኩ።

እሑድ

ቤተ ክርስቲያን ስሜ ስመጣ እትዬ ዘሐራ ዓሣ በሙዝ ቅጠል ጠቅልለው ጠበቁኝ። «እህቴ ዘንድ ልውሰድሽ፤ አምባሰልን ሳታዪ አትፈርሚም» አሉ። የምፈርም መሆኔን እርግጠኛ ነበሩ።

ሚኒባሱ ውጫሌን አልፎ ከመንገድ ዳር አወረደን፤ በዚህኛው ጊዜ «ወራጅ» ያሉት እሳቸው ናቸው። ከዚያ ሽቅብ በእግር ነው። ጎማ ጫማዬ ጠጠሩ ላይ ሲያንሸራትተኝ አንዲት ማገዶ የተሸከመች ሴት ከኋላ ክርኔን ይዛ ቀጥ አደረገችኝና አልፋኝ ሄደች። አምባሰል ከላይ እንደ ግድግዳ ተገትሯል። ነፋሱ ቀዘቀዘ፤ ገብስ ማየት ጀመርኩ፤ የባሕር ዛፍ ሽታ መጣ። ከአራት ቀን በኋላ አገሬ የገባሁ መሰለኝ። ሚኒባስ ውስጥ ስንሰማው የመጣነው በአምባሰል ቅኝት የሚዘፈን ዘፈን እንደዚህ ረጅም የሚስበው ለምን እንደሆነ ዳገቱ ላይ ገባኝ፤ ከዚህ ወደዚያ ሸንተረር የሚጣራ ሰው ድምፁን ሳይቆርጥ መጎተት አለበት።

እማማ በላይነሽ የእትዬ ዘሐራ ታላቅ እህት ናቸው። ክርስቲያን አግብተው ተጠምቀዋል። በወሎ ይህ ብርቅ አይደለም፤ አንዷ ስለ ሌላዋ ስታወራም ነገሩን እንደ ቁመት ልዩነት ነው የምታነሳው። ግድግዳቸው ላይ አንድ ትንሽ ድስት ለብቻው ተሰቅሏል። «ያ የዘሐራ ነው፤ እሷ ካልመጣች አይወርድም» አሉኝ።

ድንችና ጎመን በልተን ስንጫወት እትዬ ዘሐራ ስለ እኔ ያወሩ ጀመር። በመስኮት እጄን እያወዛወዝኩ ማለፌን ተናገሩ፤ እማማ በላይነሽ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። «ዓርብ ደግሞ ዓሣ ጠብሼላት፣ ወላሂ አጥንቱን ብቻ ነው ያስቀረችው።»

እማማ በላይነሽ መሳቃቸውን ተዉ። «ዓርብ?» አሉና ወደ እኔ ዞሩ። «ልጄ፣ እናንተ አገር በጾም ዓሣ ይበላል እንዴ? እኛ እዚህ ላይ አንበላም።»

«አይበላም» አልኩ።

«ታዲያ?»

እትዬ ዘሐራን ቀና ብዬ ሳያቸው ያ ሁልጊዜ የሚስቀው ፊት ሌላ ሰው ፊት ሆኗል።

ቁልቁለቱን ስንወርድ ከፊት ከፊቴ ሄዱ። አስፋልቱ ላይ ደርሰን መኪና ስንጠብቅ ነው የተናገሩት። ድምፃቸው አልጨመረም።

«ጠየቅሁሽ እኮ። ገና ስትገቢ፣ የማትበዪውን ንገሪኝ አልኩሽ።»

«ደከሙልኝ ብዬ ነው፤ እንዳይከፋዎት…»

«እኛ አገር እንግዳ ሲመጣ ሃይማኖቱ አብሮት ይገባል። እኔ ቤት እስካለሽ ጾምሽ አማና ነው፤ እኔ ዘንድ የተቀመጠ አደራ። በላይነሽ ያን ድስት ስንት ዓመት የሰቀለችው ለምን ይመስልሻል? እኔ ስለምነግራት ነው። ዝም ካልሽኝ በምን ልጠብቅሽ? ሳላውቅ ጾምሽን እንዳስፈታ አደረግሽኝ፣ ወይንሸት።»

እስከዚያ ድረስ «የኔ ልጅ» ነበር የሚሉኝ። በስሜ ሲጠሩኝ የመጀመሪያቸው ነው።

«ይቅርታ» አልኩ። «ያጠፋሁት ገባኝ።»

ሚኒባስ መጣ፤ ሞልቶ ነበርና አለፈን። እትዬ ዘሐራ አቧራውን በነጠላቸው ጫፍ ከአፋቸው ላይ አራገፉ። ከዚያ በጎን አዩኝ። «ሌላስ የዋጥሽው ነገር አለ?»

«አለ» አልኩ። «ግን ለጋሽ ሰይድ ነው የምነግራቸው።»

«እንግዲያው ዛሬ ንገሪው» አሉ። ምን እንደሆነ አልጠየቁኝም።

ቤት ስንደርስ አሥር ሰዓት ሊሆን ነው። ጋሽ ሰይድ በረንዳው ላይ መረቡን ዘርግተው የተበጠሰውን ይቋጥራሉ። አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ሦስት ጊዜ ጀመርኩና ሦስቱንም ጊዜ ስለ ክሩ ጠየቅሁ። በአራተኛው «ጋሽ ሰይድ፣ የመረቡ ዐይን ጠባብ ነው» አልኩ።

እጃቸው ቆመ። «ማን ለካው?»

«እኔ። ትናንት ጀልባው ላይ፣ በጣቴ።»

«ስንት ገባ?»

«ሦስት። ሦስተኛውም በግድ።»

መረቡን ወደ ብርሃኑ አንስተው በዐይኑ ውስጥ ወደ ሐይቁ አዩ። «ደህናው መረቤ ባለፈው ክረምት በግንድ ተቀደደ። ነጋዴው የሚያመጣው ይህን ብቻ ነው። ዳር ያለው ሰው ሁሉ ይህን ነው የሚጥለው።»

«አውቃለሁ። ትንንሾቹ ግን ካላደጉ…»

«እኔ አላውቅም?» አሉ። ከመጣሁ ጀምሮ ከሳቸው የሰማሁት ጠንካራ ቃል ይህ ነው። «አባቴ ጊዜ አንድ ዓሣ ለሁለት ሰው ይበቃ ነበር።» የያዙትን ክር ቋጠሩ። «ፈርመሻል?»

«ገና ነኝ። ነገ ጠዋት ነው የመጨረሻው።»

«እንግዲህ ሳትፈርሚ ነው ይህን የምትዪኝ። እንግዳዬ ሆነሽ።»

«አዎ።»

መረቡን ጠቀለሉት። አዛን ተሰማና ለሶላት ተነሱ። ራት ላይ ሰላምታ ብቻ ሰጡኝ። «ጀባ» ሳይሉኝ በላን። እትዬ ዘሐራ ሰሃን ሲያነሱ «ተዪው፤ እሱ የሚያስበው ውሃ ላይ ነው» አሉኝ። እኔ ግን መቀየማቸውን እርግጠኛ ነበርኩ። ሻንጣዬን አስተካከልኩ። ብፈርምም ባልፈርምም ከዚህ ቤት መውጣት እንዳለብኝ ወሰንኩ። መናገሬን ግን ወደ ኋላ መመለስ አልፈለግኩም፤ ይህ ለእኔም ገረመኝ።

ሰኞ

ስነሳ ጋሽ ሰይድ ወጥተዋል። እትዬ ዘሐራ ቂጣ በማር አቀረቡልኝና ሻንጣዬን አዩት።

ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ቢሮው በር ቆምኩ። ውስጥ ያለችው የደወለችልኝ ሴት መሆኗን በድምፅዋ ወዲያው ለየኋት፤ ፊቷ ከድምፅዋ ይልቅ የዋህ ነው። ወረቀቱን ሰጠችኝ። ሥራ የምጀምረው ከሳምንት በኋላ መሆኑን፣ መኖሪያ ቤት ራሴ እንደምፈልግ፣ ወደ ጀልባዎቹ የሚያደርሰኝ መኪና እንደሌለ አንድ በአንድ እየጠየቅኳት ነገረችኝ። ፈረምኩ።

ከዚያ ወደ ዳርቻው ወረድኩ። ለመሰናበት ነበር። ጀልባዎቹ ገብተዋል፣ ሴቶቹ ቢላ ይስላሉ፣ አሥር የሚሆኑ አጥማጆች ዓሣ ያራግፋሉ። ጋሽ ሰይድ ከሩቅ አዩኝና መረባቸውን ከጀልባው አውጥተው ሣሩ ላይ ዘረጉት።

«ፈረምሽ?» አሉ፣ ሰው ሁሉ እንዲሰማ።

«ፈረምኩ።»

«ኑ እንግዲህ» አሉ ወደ ሌሎቹ ዞረው። «አዲሷ ባለሙያ መረብ ትለካለች። ከእኔ ትጀምራለች።» ከዚያ ወደ እኔ ጠጋ ብለው ዝቅ ባለ ድምፅ «ቤቱ ስላደረች ዘለለችው እንዳይሉሽ» አሉኝ።

«ገና ሥራ አልጀመረችም እኮ» አሉ ጋሽ ከበደ።

«ዓሣው ያን አያውቅም» አሉ ጋሽ ሰይድ።

ተንበርክኬ ጣቶቼን አስገባሁ። ሰዎቹ ከበቡኝ፤ ጫማቸው ብቻ ነው የሚታየኝ። «ጠባብ ነው» አልኩ።

«ከኋላ ያሉት አልሰሙም» አሉ ጋሽ ከበደ፤ ይህን ሲሉ አልቀለዱም።

«የጋሽ ሰይድ መረብ ጠባብ ነው» አልኩ።

«ጻፊው» አሉ ጋሽ ሰይድ። «ሌላ እስካገኝ ነገም የሚወርደው ይኸው ነው፤ ቤቴ ይበላል። ነገም ብትመጪ ይህንኑ ጻፊ። ሳምንትም ጻፊ። እኔን እንዳታልፊ ብቻ።»

ደብተሬን ከቦርሳዬ አውጥቼ ስማቸውን ጻፍኩ፤ ከጎኑ ሦስት ጣት ብዬ አሰፈርኩ። ከዚያ ተነሥቼ አጠገባቸው ወደ ቆሙት ሰውዬ ጀልባ ሄድኩ፣ ስማቸውን ጠየቅሁና መረባቸውን እንዲዘረጉልኝ ነገርኳቸው።